ለእታለም፣ ስለ እማዬ ደረጃ

ውድ እታለም፣

እማዬ በዝናቡ ምክንያት ጉልበቷ ትንሽ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ናት፤ ሰላምታዋ ከነምርቃቱ ይድረስሽ።

ባለፈው ስንደዋወል «ያንን ወልጋዳ የእንጨት ደረጃ አፍርሰህ በኮንክሪት አሠራው፣ መደገፊያውንም በቱቦላሬ አስበይደው፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አልሽኝ። እኔም እሺም እምቢም ሳልልሽ ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩት። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ወረቀት ያነሣሁት። ልብሽ እማዬ ዘንድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያልተስማማነው በእንጨቱ ብቻ ነው።

ከኮንክሪቱ ልጀምር። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ወደ 2,400 ኪሎ ይመዝናል፤ አሥራ አራት መርገጫ ያለው ደረጃ ከነመሠረቱ ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም። የኛ ቤት ደግሞ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ ጭቃ ነው። ያንን ሸክም ከጎኑ ብናስጠጋበት አዲሱና አሮጌው እኩል አይሰምጡም፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። በምኒልክ ጊዜ የመጡት የህንድና የአርመን ባለሙያዎች አዲስ አበባን ያስለመዷት ሰፊ በረንዳና የእንጨት ደረጃ ያለ ምክንያት ከእንጨት አልሆነም። እንጨቱ ቀላል ነው፤ ቤቱ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጣይቱ ሆቴል ያለውን ሰፊውን የእንጨት ደረጃ አስታውሺ። ሲረገጥ ይጮኻል፣ ግን ስንቱን ሰው አውጥቶ አውርዷል።

ቱቦላሬውስ? በያጁ ቀጥ ያለ ፍሬም አድርጎ ሱቁ ውስጥ ይበይደውና ሊገጥም ይመጣል። ደረጃው ቀጥ ካላለ አንድ ጫፉ ተንሳፍፎ፣ ሌላው መርገጫው ላይ ተጭኖ ይቀራል፤ ክፍተቱም በቁርጥራጭ ላሜራ ይደፈናል። በዚያ ላይ የክረምት ጠዋት ብረት ለእማዬ ጣቶች አይሆንም።

አሁን ወደ ጣጣው ልግባ። ደረጃው የተጣመመው ስላረጀ ብቻ አይደለም። በበረንዳው በኩል ያለው አሸንዳ ከተቀደደ ዓመታት አልፈዋል፤ ውሃው የሚወርደው በውጭ በኩል ባለው ተሸካሚ ጣውላ እግር ላይ ነበር። እግሩ በስብሶ፣ የቆመበትም ድንጋይ ሰምጦ አገኘሁት። በግድግዳው በኩል ያለው ተሸካሚ ግን ደረቅ ስለሆነ ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለዚህ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መርገጫ ሁሉ ወደ ግቢው ዘመመ፤ በውሃ ልክ ሳየው መሐል አካባቢ ያሉት ከሁሉም ይበልጥ ወደ ውጭ ወርደዋል። የውጩ ተሸካሚ ራሱም ሆዱ ላይ አራት ሴንቲ ያህል ሰርጉዷል። አሮጌው መደገፊያ የተተከለው እዚያ ላይ ስለነበር አብሮ ወደ ውጭ ተንጋደደ። እማዬ ሚዛኗን ስታ ብትይዘው ይዟት ነበር የሚሄደው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይኼ ነው፤ መልኩ ግድ የለኝም።

እናም መደገፊያ ሳልገዛ፣ ዘንግ ሳላስቆርጥ አሸንዳውን ቀየርኩ። ብዙ ሰው ይህን መጨረሻ ላይ ያደርገዋል፤ ውሃው ካልቆመ ግን ከላይ የምትሠሪው ሁሉ ለሚቀጥለው ክረምት የተዘጋጀ ነው። ቀጥሎ የበሰበሰውን እግር እስከ ጤናማው እንጨት ድረስ ቆርጬ በጥድ ቀጠልኩት። አፈር እንዳይነካም ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይና የብረት ሰሌዳ አደረግሁለት። ጥዱ ከምናለሽ ተራ የተገዛ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ቋሚ ነው። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከለ ወዲህ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከአሮጌ ቤት የወጣ እንጨት መፈለግ ይሻላል። ደግሞም የደረቀ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ብገጥምበት ኖሮ በበጋው ተሰንጥቆና ተጠማዞ አዲስ ወልጋዳ በሰጠን ነበር። ጥዱን በመጋዝ ስቆርጠው ግቢው በሙሉ ሸተተ፤ እማዬ «ቤተ ክርስቲያን መሰለ» አለች። ምስጥም አይደፍረውም።

ከዚያ ሆዱን በመኪና ክሪክ ከሥር አነሣሁት። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመት ሸክም ይዞ የጎበጠ እንጨት ጉብጠቱን ባሕርይው አድርጎታል፤ በአንድ ጊዜ ላቃናህ ብትይው ይሰነጠቃል። ትንሽ አንሥቼ አሳድረዋለሁ፣ እንደገና ትንሽ። ግማሹን እንደተመለሰ የላይኛው መገጣጠሚያ ሲጢጥ ማለት ሲጀምር አቆምኩ። ሁለት ሴንቲ ጉብጠት ቀርቶበታል፣ ይቅርበት። መርገጫዎቹን ግን አልተውኳቸውም። ከእያንዳንዳቸው ሥር በግድግዳው በኩል ስስ፣ በውጭ በኩል ወፍራም የሆነ ረጅም ሽብልቅ አስገብቼ በኮላና በቪቴ አሰርኩ፤ ውሃ እንዳይቋጥሩ ብቻ ወደ ፊት ለዓይን የማይታይ ዝንባሌ ተውኩላቸው።

አንድ ነገር ከእማዬ ጋር አጨቃጨቀን። ግቢው በጠጠር እየተሞላ ስለመጣ የመጀመሪያው መርገጫ ከመሬት አሥራ ሁለት ሴንቲ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ አሥራ ሰባት ናቸው። እግር የመጀመሪያውን ከፍታ ለክቶ የቀረውን ሳያይ ነው የሚወጣው፤ እኩል ያልሆነ ደረጃ ሰው የሚጥለው ለዚህ ነው። ጠጠሩን ላንሣ ስል «እኔ እግሬ ያውቀዋል፣ አትንካብኝ» አለች። እውነቷን ነው፣ እግሯ ያውቀዋል። የልጆችሽ እግር ግን አያውቀውም፤ እሷም ብትሆን በጨለማ ስትወርድ እግሯ የሚያስታውሰውን ሁሉ ማመን የለባትም። ጠጠሩን አነሣሁ። እስክትለምደው ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ቸነከርኩበት፤ ጨርቁን ባየች ቁጥር ትቆጣኛለች።

መደገፊያው ላይ የመጣው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። ሠፈራችን ያለውን አዛውንት አናጢ ታስታውሺዋለሽ፣ የአባዬን ሣጥን የሠራውን። ጠርቼ አሳየሁት። «ደረጃው ሲጎብጥ መደገፊያውም ይጉበጥ፤ ቀጥ ካደረግኸው ጉብጠቱን ለሰው ሁሉ ታወራበታለህ» አለኝ። ምክሩ የዋዛ አይደለም። ዓይን አንድን መስመር የሚፈርደው ከአጠገቡ ባለው ነው። የላይኛው በር መቃን ዘሟል፤ በቱንቢ የተስተካከለ ቋሚ አጠገቡ ብታቆሚ የተንጋደደው ቋሚው ይመስላል። እዚያ ላይ ምክሩን ሰምቼ ቋሚውን ከመቃኑ ክንድ ያህል አራቅሁት እንጂ አላዘመምኩትም። መደገፊያው ላይ ግን አልተስማማሁም። የእማዬ ዓይን ከዓይነ ሞራው በኋላ ብዙም አይፈርድም፤ የምትወርደው በእጇ ነው። እጅ ደግሞ ሳይሰናከል ይዞት የሚንሸራተት ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል።

ሁለቱን ዋና ቋሚዎች ደረጃው ላይ አልተከልኳቸውም። የታችኛው የራሱ ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ የላይኛው ከበረንዳው ወራጅ ጋር በብሎን ታስሯል። ደረጃው ነገ ቢሰምጥ እንኳ መደገፊያውን ይዞ አይሄድም። በሁለቱ መካከል ሲባጎ ወጥሬ ከእያንዳንዱ መርገጫ የፊት ጠርዝ ቀጥታ ወደ ላይ ለካሁ። ጫፍና ጫፉ ዘጠና ሴንቲ ሲሆን፣ መሐሉ ዘጠና ሁለት መጣ። እናንተ አሜሪካ የቤት ደረጃ መደገፊያ ከ34 እስከ 38 ኢንች ይሁን የሚል ደንብ አላችሁ፤ በኛ ከ86 እስከ 97 ሴንቲ አካባቢ መሆኑ ነው። ልዩነቱ በዚህ ውስጥ ጠፋ። እጇ ሁለት ሴንቲ አይለይም።

ዘንጎቹ ናቸው የሥራው ልብ። በየመርገጫው ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ሃያ ስምንት፤ ቁመታቸው የተለያየ ነው። ሁሉንም በአንድ ልክ ያስቆረጠ አናጢ በእንዲህ ያለ ደረጃ ላይ ተሸንፏል። ቶርኖ ቤት ሳሠራቸው ከላይ ያለውን የተጠረበ ቅርጽ እኩል አድርገው የታችኛውን ባለ አራት ማዕዘን እግር ረዘም እንዲያደርጉልኝ ነገርኳቸው። ትርፉን ከእግር ብቻ ቆረጥኩ፤ ቅርጹ ከመደገፊያው ጋር ትይዩ ሄደ፣ የደረጃው ጉድ ማንም በማያየው እግር ውስጥ ተደበቀ። እያንዳንዱን በቱንቢ አቁሜ፣ እየተከፈተ በሚዘጋው ስኳድራ የመርገጫውን ዝንባሌ ወስጄ ከሥሩ ቆረጥኩለት። አሰልቺ ነው፤ ግን ዘንግ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየ ሰው መርገጫውን ማየት ይረሳል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት አሥር ሴንቲ አይሞላም፤ የትንሿ ልጅሽ ጭንቅላት አያልፍበትም። (አንቺ በላዩ ስትንሸራተቺ የሰበርሽው ዘንግ እስከ ዘንድሮ በሽቦ እንደታሰረ ነበር። ሽቦውን አስቀምጬልሻለሁ።)

መደገፊያው ዋንዛ ነው፤ ይህም ከአሮጌ በር የወጣ። ውፍረቱ አራት ሴንቲ ተኩል ገደማ፣ ዙሪያው ክብ ተደርጎ ጣቶቿ ዞረው የሚይዙት። ሰፊና ጠፍጣፋ መደገፊያ ያምራል፣ ክርን ለማሳረፍም ይመቻል፤ የምትወድቅ ሴት ግን በመዳፏ ጨብጣ የማትይዘው ነገር አያድናትም። ከመጨረሻው መርገጫም አልፎ ወደ በረንዳው ክንድ ያህል እንዲገባ አደረግሁት፤ እግሯ ወለሉን ሳይረግጥ እጇ ባዶ እንዳይቀር።

በግድግዳው በኩልም ሁለተኛ መደገፊያ ገጠምኩ። ስትወርድ ግድግዳው በቀኟ ነው፣ የምትተማመነውም በቀኝ እጇ። የታችኛው ክፍል ድንጋይ ስለሆነ አላስቸገረም። ከላይ ግን ጭቃው ቪቴ አይይዝም፤ ዛሬ የያዘ ቢመስልም አንድ ቀን ከነገለባው ይመዘዛል። በመዶሻው እጀታ እያንኳኳሁ በጭቃው ውስጥ ያሉትን ቋሚዎች ፈለግሁ፣ ማገሩን ሳይሆን ቋሚውን፣ እሱ ላይም በረጅም ቪቴ አሰርኩ። ቋሚዎቹ የቆሙት እንደተገኙ ስለሆነ የመደገፊያው መያዣዎች እኩል አልተራራቁም። አንቺ ስትመጪ መጀመሪያ የምታዪው ይህን ይሆናል፤ እባክሽ አትሳቂ።

አሁን የቀረው ዘይቱ ነው። ቫርኒሽ በረንዳ ላይ ይላጣል፣ ሲረጥብም ያንሸራትታል ብዬ የተልባ ዘይት እየቀባሁት ነው። ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። እማዬ ደግሞ ገና ከአሁኑ ጋቢዋን ልታሰጣበት ትሞክራለች፤ እኔ ብናገር አትሰማኝም። ዘይት የነካውን ጨርቅም ጠቅልላ ጥግ ውስጥ ስታስቀምጥ ደርሼባታለሁ። እንዲህ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። አንቺን ስለምትሰማ እሑድ ስትደውዪ ሁለቱንም ንገሪልኝ።

ገንዘቡን መላክሽ ካልቀረ ለጓሮው አሸንዳ ይሁን። እሱም ተቀድዷል፤ ውሃው የሚወርደው በማድ ቤቱ ቋሚ እግር ላይ ነው። ልኬቱን በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ