«መሣሪያው ታሞ ነው እንዴ?»
ከብሌችሊ ፓርክ የጉብኝት ማስታወሻ



ጉዞዬ ወደ እንግሊዝ ሀገር ቢሆንም፣ ነገሩን የምጀምረው እዚሁ በሰፈራችን ማትናስ ውስጥ ከፈጸምኩት ስሕተት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ምሁር ለአረጋውያን ወገኖቻችን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በዕብራይስጥ «ቢና መላኹቲት» ስለሚባለው፣ ትምህርት እንዲሰጥ ተጋብዞ ነበር። የመተርጎሙ ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነው። ምሁሩ ስለ ደኅንነት ምርምር ሲናገር እኔም ቃል በቃል «የሰው ሠራሽ አስተውሎት ደኅንነት» እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ተረጎምኩ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት እጃቸውን አንሥተው፣ «ልጄ፣ ስለ ደኅንነቱ ይህን ያህል የምትጨነቁለት መሣሪያው ታሞ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ቤቱ በሣቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሣቁ ጠፋብኝ። አዛውንቱ አንዳች አልተሳሳቱም። በእኛ አነጋገር «ደኅና ነህ ወይ?» ማለት ጤንነትን መጠየቅ ነው። ምርምሩ ሰውን ከመሣሪያው ጥፋት ለመጠበቅ እንጂ ለመሣሪያው ጤና እንዳልሆነ አንዴም አልነገርኳቸውም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው ስብሰባ ላይ የነበሩ አንዲት እናት ደብዳቤ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ደብዳቤው ከአንድ መሥሪያ ቤት በዕብራይስጥ የተጻፈ ሲሆን፣ የልጅ ልጃቸው በስልኩ ባለው መተርጎሚያ ወደ አማርኛ አስተርጉሞላቸው «ማመልከቻዎ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ወጥቶ ነበር። ችግሩ «ሂትካብላ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል «ደረሰ» ማለትም «ተቀባይነት አገኘ» ማለትም ይሆናል። ደብዳቤው ማመልከቻው መድረሱን ገልጾ፣ የጎደለ ሰነድ በ21 ቀን ውስጥ እንዲያመጡ የሚያሳስብ ነበር። ቀኑ አለፈ፤ ድጎማቸውም ለሁለት ወር ተቋረጠ። «ስልኩ እኮ ምንም ሳይጠራጠር ነው የነገረኝ» አሉኝ። በስብሰባው ላይ በሚገባቸው ቋንቋ ብናስረዳቸው ኖሮ፣ በእርግጠኛ ቃል የተነገረ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እንግዲህ የአጎቴ ልጅ ለንደን ላይ ሲያገባ ለሠርግ ሄጄ፣ አንድ ትርፍ ቀን ስለነበረኝ ወደ ብሌችሊ ፓርክ ልሂድ አልኩ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 እና 2 ቀን 2023 የዓለም መንግሥታት ስለዚሁ የደኅንነት ጉዳይ የመጀመሪያውን ጉባኤ ያደረጉት በዚያ መሆኑን ሰምቼ ነበርና። ከዩስተን ጣቢያ በባቡር ተሳፍሬ ወደ ሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝኩ። ከብሌችሊ ጣቢያ እስከ በሩ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ስገባ ትንሽ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ማዶ በጡብ የተሠራ የባለጸጋ ቤት፣ በዙሪያው ደግሞ ዝቅ ዝቅ ያሉ የእንጨት ቤቶች አየሁ። የመጀመሪያ ዘመናችንን ያሳለፍንባቸውን ካራቫኖች አስታወሱኝ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የጀርመንን ምሥጢራዊ መልእክት የፈቱት በእነዚህ ቤቶች ነው። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ወደ 9,000 የሚሆኑ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከአራቱ ሦስቱ እጅ ሴቶች ነበሩ። ከመካከላቸው ዋልተር ኢታን የሚባል አይሁዳዊ ምሁር ይገኝበታል፤ ኋላ መንግሥታችን በ1948 ሲመሠረት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር የሆነው እርሱ ነው።

አስጎብኚያችን ጸጉሯ የሸበተ ሴት ነበረች። ኤኒግማ የተባለውን የጀርመን መሣሪያ እያሳየች፣ አቀማመጡ ከ158 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን በላይ በሆነ መንገድ ሊለዋወጥ እንደሚችል ነገረችን። ሁላችንም ዝም አልን፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ማንንም አያስተምርም። እርሷ ግን ቀጥላ፣ «መሣሪያው አንድ ጉድለት ነበረው፤ አንድን ፊደል መልሶ ያንኑ ፊደል አድርጎ መጻፍ አይችልም» አለች። ሀ ሲነካ ለ ወይም መ ይወጣል እንጂ ሀ አይወጣም ማለት ነው። እንግዲህ በመልእክቱ ውስጥ «የአየር ሁኔታ» የሚል ቃል አለ ብለህ ብትገምት፣ ግምትህን ከተመሰጠረው ጽሑፍ ሥር ትጽፈዋለህ። አንድ ፊደል ከራሱ ጋር ፊት ለፊት ከገጠመ ቃሉ እዚያ ቦታ የለም፤ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። አጠገቤ የነበረ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ከእኔ ቀድሞ ገባው። እኔ ደግሞ ሽማግሌዎቻችን ቅኔ ሲሰሙ በሰሙ ውስጥ ወርቁን የሚፈልጉበት ትዕግሥት ትዝ አለኝ።

የዚህ ሥፍራ ሰዎች ሥራቸውን እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለማንም አልተናገሩም፤ ባል ለሚስቱ እንኳ አልነገረም። በዚያን ጊዜ ሕዝቡን የሚጠብቀው ዝምታ ነበር። ከእነርሱ መካከል ሁለቱ ግን ከጦርነቱ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ለሕዝብ ተናገሩ። አለን ቱሪንግ በ1951 በቢቢሲ ሬዲዮ፣ ለተራው አድማጭ፣ መሣሪያዎች ማሰብ ከቻሉ ከእኛ የበለጠ ሊያስቡ እንደሚችሉ፣ ያን ጊዜ የእኛ ቦታ የት እንደሚሆን አንሥቶ ነበር። አብሮት የሠራው አይሁዳዊው የሒሳብ ሊቅ ጃክ ጉድ ደግሞ በ1965 ሲጽፍ፣ ከሰው ሁሉ የሚበልጥ አስተዋይ መሣሪያ ቢሠራ ሰው ሌላ ነገር መፈልሰፍ እንደማያስፈልገው፣ ይህ ግን መሣሪያው በቁጥጥር ሥር ለመሆን ገር ከሆነ ብቻ እንደሆነ አሳሰበ። የ2023ቱን ጉባኤ እዚህ ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

በጉባኤው 28 ሀገሮችና የአውሮፓ ኅብረት በአንድ መግለጫ ተስማምተዋል፤ እስራኤል አንዷ ናት፣ አሜሪካና ቻይናም አሉበት፤ ከአፍሪካ ኬንያ፣ ናይጄሪያና ሩዋንዳ ይገኙበታል። መሣሪያው ታስቦበትም ሆነ ሳይታሰብ እጅግ ከባድ ጥፋት ሊያደርስ እንደሚችል መግለጫው ይናገራል። ይህን መግለጫ በወረቀት ይዤ ነበርና ከሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወደ አማርኛ ልመልሰው ሞከርኩ። ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ሳልወጣ ደከመኝ። ቃሉን ባገኝም እነዚያ አዛውንት ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በዚህ ጊዜ የአስጎብኚዋ አንድ ፊደል ታወሰኝ። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ሁለት ነገር ብቻ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው የጀልባዋ ነገር ነው። በ2016 ኦፕን ኤ.አይ. የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ተመራማሪዎች አንድን ፕሮግራም የጀልባ ውድድር ጨዋታ እንዲማር አደረጉት። እነርሱ የፈለጉት ውድድሩን እንዲጨርስ ነበር፤ ነጥብ የሚሰጠው ግን በመንገድ ላይ ያሉ ምልክቶችን ሲመታ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ጥግ አገኘና ጀልባዋን እዚያው እያዞረ፣ በእሳት እየተያያዘች፣ ከሌሎች ጋር እየተላተመች፣ ሦስት ምልክቶችን ደጋግሞ በመምታት ከሰዎች 20 በመቶ የሚበልጥ ነጥብ ሰበሰበ። ወደ መጨረሻው ግን አልደረሰም። አላመፀም፤ የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አልሠራም። ተመራማሪዎቹን የሚያሳስባቸው፣ ነገ በጨዋታ ፈንታ ሆስፒታልና ባንክ ቢሰጠው ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ሁለተኛው እኛን የሚነካ ነው። በ2023 በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂ.ፒ.ቲ. 4 የተባለውን መሣሪያ ለክፉ ሥራ የሚውል ጥያቄ ጠየቁት። በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ከመቶ አንዱን ያህል እንኳ ሳይመልስ እምቢ አለ። ያንኑ ጥያቄ እንደ ዙሉና እንደ ስኮትላንድ ጌሊክ ባሉ ጥቂት ጽሑፍ ባላቸው አራት ቋንቋዎች እያፈራረቁ ሲጠይቁት ግን ከመቶው 79 ያህሉን መለሰ። በትልቁ በር ዘበኛ ቆሞ ነበር፤ በጓሮው በር ግን አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ሀገሬ ከተመለስኩ በኋላ ያኔ የነበሩትን አረጋውያን ለቡና ጠራኋቸው። አንድም ከባድ ቃል ሳልጠቀም የጀልባዋን ነገር ነገርኳቸው። እነዚያ አዛውንት ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ ልጄ፣ ጥፋቱ የጀልባዋ ነው ወይስ የላኪዋ? ድረሺ ያላት ማን ነው?» አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ የተረጎምኩት ንግግር ያላመጣውን ጥያቄ ጀልባዋ በአምስት ደቂቃ አመጣችው።

ደብዳቤ የተሳሳተባቸው እናት ደግሞ፣ «በአማርኛ ሲጠየቅስ ማን ይፈትነዋል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አላውቅም አልኳቸው። አንድ ጊዜ አላውቅም ማለቴ የቀረውን ቃሌን እንዲያምኑ ያደረጋቸው ይመስለኛል። ማስፈራራት ቀላል ነበር፤ «አይዟችሁ፣ ምንም የለበትም» ማለትም እንዲሁ። ሁለቱም ሰውን እንዳይጠይቅ ያደርጉታል።

ቡናው በረካ ሳይደርስ አንድ ነገር ተስማማን። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ስልክ ቢተረጉመውም፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ማንም እርምጃ አይወስድም። ዘወትር ረቡዕ ከጧቱ 3 እስከ 5 ሰዓት በማትናሱ እገኛለሁ። ውድ አንባብያን፣ ደብዳቤውንም ጥያቄውንም ይዛችሁ ኑ።