ግሩፑን ከማንሳትህ በፊት

ወንድም ዓለሜ፣

ማታ የጻፍከውን አየሁት። ዋትሳፕ የሁሉንም ስልክ ስለሞላው ቅዳሜ ወደ ቴሌግራም ልታነሳን ነው። እውነትህን ነው፣ አልቃወምም። ግን የኔ ጌታ፣ አትቸኩል።

ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ የቀረን ሰፈር ይሄ ግሩፕ ነው። ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ ቤሩት፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ። መርዶውንም ምሥራቹንም እዚያ ነው የሰማነው።

በመጀመሪያ የእማዬን ድምፅ አውጣልኝ። ዋትሳፕ ቻቱን ከነፎቶውና ከነድምፁ አውጣ ስትለው የመጨረሻዎቹን 10,000 መልእክቶች ብቻ ነው የሚሰጥህ። ጽሑፉ ብቻ ከሆነ 40,000 ነው። የኛ ሰው ደግሞ በየጠዋቱ «እንደምን አደራችሁ» የሚል የአበባ ሥዕል ሲያጎርፍ ስንት ዓመቱ! አሥሩ ሺህ በአበባ ያልቃል። እማዬ ያለችው ከዚያ በታች ነው። ያቺን «ልጆቼ፣ በላችሁ ወይ?» ያለችበትን፣ ከኋላዋ ዶሮ የሚጮኽባትን፣ ፈልግና ለብቻ አስቀምጥ። ለኔም ላክልኝ።

ቴሌግራም የዋትሳፕ ቻት መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የገባው ሁሉ የሚሰፍረው ግን በተዛወረበት ቀን ሥር ነው፤ የጥንቱ ቀን አብሮ ይጻፍበታል። እማዬ ቅዳሜ ዕለት የላከችው ይመስላል። እንዳትደነግጥ። እኔ ከወዲሁ ሆዴ ባብቷል።

ደግሞ የዕድሩን የባንክ ቁጥርና የሰው መታወቂያ እዚያ እንዳትለጥፉ። የቴሌግራም ግሩፕ እንደ ዋትሳፑ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ለማንም እንዳይነበብ ሆኖ የተቆለፈ አይደለም። ዐረብ አገር ላሉት እህቶቻችንም ስልክ ቁጥራቸውን እንዴት እንደሚደብቁ አሳያቸው።

የወፍጮ ቤቷ እማማ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዋትሳፑንም የጫነላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ እሱም ሄዷል። ሊንክ ልከህ አትተዋቸው። ሂድ፣ አጠገባቸው ተቀመጥ፣ ራስህ ጫንላቸው። ቡና ያፈሉልሃል፤ በረካውን ሳትጠጣ እንዳትነሳ።

የድሮውን ግሩፕ ደግሞ አደራህን አትዝጋው። የአዲሱን ሊንክ እላዩ ላይ ለጥፍና ተወው። እነዚያ ድምፃቸው የጠፋው ልጆች ስልካቸውን የከፈቱ ቀን የሚያንኳኩት የሚያውቁትን በር ነው።

ቅዳሜ ስትጀምር ደውልልኝ። እዚህ ሌሊት ቢሆንም ደውል።

እህትህ