«እመለሳለሁ» ስለ ማለት

ሰው ከሰው ሲለይ የሚናገረው ቃል ትንሽ ነው። ነገር ግን ትንሽ የሚመስለው ለሂያጁ ነው እንጂ ለቀሪው አይደለም።

በ2010 ዓ. ም. ክረምት ፍርድ ቤቶች ለዕረፍት በተዘጉ ጊዜ፣ ከጎጃም ከአማኑኤል ተነሥተን ወደ ህንድ አገር ወደ ካልካታ ከተማ ሄድን። በዚያም ማዘር ትሬዛ ባቋቋሙት የበጎ አድራጎት እኅቶች ማኅበር ቤት ያለ ደመወዝ አገልግለን ተመለስን። ስለ ህንድ አገር ስፋትና ስለ ሕዝቡ ብዛት ሌሎች ብዙ ስለ ጻፉ፣ እኛ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በመጨረሻው ቀን እንዴት እንደ ተሰናበትን ነው።

ከቤታችን ስንወጣ ከራሳችን ጋራ አንድ ቃል ኪዳን ገብተን ነበር። ከማንም ሰው ዘንድ ስንለይ «እመለሳለሁ» ላንል ቈርጠን ነበር። ምክንያቱን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ልጅነታችን መመለስ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የተማርነው በብቸና አገር በዲማ ጊዮርጊስ ከቅኔ መምህር ዘንድ ነው። በዚያ ቤት ተማሪ ከየኔታ ሲለይ ብዙ ነገር አይደረግም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ጉልበት ስሞ ምርቃት ይቀበላል። የኔታም «ምሥጢሩን ይግለጥልህ» ብለው እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ ይሸኙታል። መቼ ትመለሳለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተማሪ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት፣ ከጎጃምም ወደ ጎንደር የሚዞር ስለ ሆነ፣ ምናልባት ዳግመኛ እንዳይተያዩ ሁለቱም ያውቁታል። ስንብቱ ለባዕድ ሰው ደረቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ማንንም አያታልልም።

ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባን። በ1985 ዓ. ም. ክረምት አንዲት ወጣት ፈረንጅ በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ ልታስተምረን መጥታ ሁለት ወር ያህል ተቀመጠች። የሁላችንንም ስም አጥንታ ነበር፤ የእኛን ስም ግን እስከ መጨረሻው ድረስ አስተካክሎ መጥራት አልሆነላትም፤ በዚህም ጓደኞቻችን እጅግ ይሥቁብን ነበር። በምትሄድበት ቀን እያለቀሰች የያንዳንዳችንን እጅ ጨብጣ «በሚመጣው ክረምት እመለሳለሁ» አለችን። እናታችን ይህን በሰማች ጊዜ፣ ስትመለስ እንድንሰጣት ከአለላ አንዲት ትንሽ ሙዳይ ሰፋች። ከዚያ በኋላ ሰኔ በገባ ቍጥር፣ የመኪና ድምፅም በተሰማ ቍጥር፣ ወደ ግቢው በር እንሮጥ ነበር። ሦስት ክረምት አለፈ። ሙዳይዋም የቍልፍና የመርፌ ማኖሪያ ሆና ቀረች፤ ዛሬም ባለቤታችን በዚሁ ሥራ ትገለገልባታለች።

ያች ወጣት ክፉ ሰው አልነበረችም። ብንቀየማት እንኳ ቅያሜያችን የልጅ ቅያሜ ነው። ነገር ግን አድገን የፍርድ ቤት ጸሐፊ በሆንን ጊዜ ነገሩ ይልቁን ከበደብን። ባለጉዳይ ሌሊት ተነሥቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ጭቃውን አቋርጦ ሲመጣ፣ በመዝገቡ ላይ የጻፍነውን ቀጠሮ አምኖ ነው። ቀጠሮው ሳይሆን ሲቀር ፊቱን የምናየው እኛ ጸሐፊዎች ነን። ስለዚህ ሰው ቀኑን ሳይቈርጥ «እመለሳለሁ» ሲል ስንሰማ፣ ቀን ያልተጻፈበት ቀጠሮ የሰጠ ይመስለናል።

በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በሚሲዮኑ ያነበብነው መጽሐፍ በዚህ ሐሳብ ያጸናን ነበር። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 20 እንደ ተጻፈው፣ ቅዱስ ጳውሎስ በሚሊጢን ከኤፌሶን ሽማግሌዎች ሲለይ ከእንግዲህ ወዲህ ፊቱን እንዳያዩ በግልጥ ነገራቸው። እነርሱም አንገቱን አቅፈው አለቀሱ፤ እስከ መርከቡም ሸኙት። በአገራችንም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1937 የኢጣልያ ገዢዎች ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ባስወጡ ጊዜ፣ መመለስ አለመመለሳቸውን ሳያውቁ 48 የተጠመቁ ምእመናን ትተው ሄዱ። ከነጻነት በኋላ የተመለሱት ግን ዐሥር ሺህ ያህል አማኞች አገኙ። ይህን ታሪክ የሚሲዮን መምህሮቻችን ደጋግመው ይነግሩን ነበር፤ እንግዲህ ሥራው የሂያጁን መመለስ የሚጠብቅ አይደለም ብለን እናስብ ነበር።

ካልካታ የደረስነው ከዴልሂ ከተማ በምድር ባቡር ነው። የክረምቱ ወራት የእኛው ክረምት ነው፤ ዝናሙ ግን እንደ አማኑኤል ዝናም አያበርድም፤ ከላይ እየዘነመ ከታች ያልባል። ለአገልግሎት የተመደብንበት ቤት ንርማል ህርደይ ይባላል፤ ትርጓሜው ንጹሕ ልብ ማለት ነው። በካሊጋት ሰፈር ከጣዖቱ ቤተ መቅደስ አጠገብ ቀድሞ የተሳላሚዎች ማረፊያ የነበረ ሲሆን፣ ማዘር ትሬዛ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1952 በየመንገዱ ወድቀው ለሚሞቱ ሰዎች መጠጊያ አደረጉት።

በማለዳ በዋናው ቤት ቅዳሴ ይደረጋል፤ ቀጥሎም ለአገልጋዮች ዳቦ፣ ሙዝና ሻይ ይሰጣል። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበረ ወተት የገባበትን ሻይ ትተን ዳቦና ሙዙን እንበላ ነበር፤ እኅቶቹም ነገሩን ከተረዱ በኋላ ሙዝ ይጨምሩልን ነበር። እኛም ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ልብሳቸውን እያየን፣ በአገራችን ልማድ «እማሆይ» እያልን እንጠራቸው ነበር፤ ቃሉን ባያውቁትም ደስ ይላቸዋል።

ሥራችን የሕሙማኑን ልብስ ማጠብ፣ ማጕረስ፣ ጢም መላጨትና ቍስላቸውን ለሚያጥቡት ውሃ ማቅረብ ነበር። ልብሱ በእጅ ይታጠባል። ከጃፓንና ከእስፓንያ የመጡ ወጣቶች በገንዳው ዙሪያ ቆመው ሲቸገሩ፣ እኛ በልጅነታችን በወንዝ ዳር በእንዶድ እየረገጥን ማጠብ የለመድን ስለ ሆንን፣ በዚህ ሥራ ጥቂት ተመካን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ከሕሙማኑ መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በቋንቋቸው አያት ሲባል «ዳዱ» ነውና እንዲሁ እያልን እንጠራቸው ነበር። እግራቸው አይታዘዝም፤ ቋንቋችንም አይገናኝም። በየማለዳው ጢማቸውን እንላጫቸዋለን፤ እርሳቸውም መስተዋቱን ተቀብለው አንድ ጕንጫቸውን ደኅና አድርገው ይመረምሩና ሌላው አልተስተካከለም ብለው በጣታቸው ያሳዩናል። ሁልጊዜ ያ ሌላው ነው የማይስተካከለው። እኛም እንደገና እንላጫለን። እንዲህ ሆኖ ከአርባ ቀን በላይ ተቀመጥን። የመስከረምን አንድ ቀን ያለ አደይ አበባ በዚያው አሳለፍነው፤ ግን በማዘር ትሬዛ መቃብር ላይ የሚቀመጠው ብጫ አበባ የእንቍጣጣሽን ቀን አስታወሰን፤ አንዱንም ለምነን ወስደን በዳዱ አልጋ ራስጌ አኖርንላቸው።

በምንሄድበት ሳምንት ያን ቃል ኪዳናችንን እናስብ ነበር። በዋናው ቤት የማዘር ትሬዛን የሕይወት ታሪክ ስናነብ፣ እርሳቸው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳሉ ለምነና ከአገራቸው ሲወጡ፣ እናታቸውና እኅታቸው እስከ ዛግሬብ ከተማ ድረስ እንደ ሸኟቸው አገኘን። ከዚያ በኋላ እናታቸውን ዳግመኛ አላዩአቸውም። እናቲቱ በ1972 በአልባንያ ሞቱ። ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ሴት፣ ነገሥታትና መሪዎች በራቸውን የከፈቱላቸው ሴት፣ የእናታቸውን በር እንደገና ሳይረግጡ ቀሩ። በዚያ ጣቢያ ምን ተባብለው ይሆን? እያልን ሌሊቱን አሰብን።

የመጨረሻው ማለዳ ደረሰ። በዚያ ቤት ልማድ የሚሄዱት አገልጋዮች ከቍርስ በኋላ በመካከል ይቆሙና ሌሎቹ የመሰናበቻ መዝሙር ይዘምሩላቸዋል። እኛም ከሁለት የእስፓንያ ልጆች ጋራ ቆምን፤ ልጆቹ አለቀሱ፤ እኛ ግን የጎጃም ሰው በሕዝብ ፊት አያለቅስም ብለን ጣራውን ስናይ ቆየን። ከዚያም ወደ ካሊጋት ሄድን።

ዳዱን እንደ ወትሮው ላጨናቸው። መስተዋቱንም ተቀብለው ሁለቱንም ጕንጫቸውን አዩ፤ በዚያ ቀን ግን አልተስተካከለም አላሉም። መሄዳችንን ከእኅቶቹ አንዷ ነግራቸው ነበር። እኛም እጃችንን ወደ በሩ፣ ከዚያም ወደ ሰማይ ዘርግተን በአይሮፕላን እንደምንሄድ አስረዳን፤ ራሳችንንም ነቅንቀን የማንመለስ መሆናችንን በምልክት ለማሳየት ሞከርን። እውነተኛ ስንብት ይህ ነው ብለን አሰብን።

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቈረ። እጃችንን ያዙና «አሺ» አሉ። እኛ «እሺ» ያሉን መሰለን። ሄደህ ግባ፣ ፈቅጃለሁ፣ ያሉን መስሎን ልባችን ተነካ። እርሳቸው ግን እንደገና «ቦሎ፣ አሺ» አሉ፤ እጃችንንም አልለቀቁም። ልጅ ፊደል እንደሚያስቈጥር መምህር ከንፈራችንን ይመለከቱ ነበር። በመጨረሻ የሚፈልጉት ያንን ቃል ከእኛ አፍ መስማት መሆኑን ተረዳንና በአገራችን አነጋገር «እሺ» አልናቸው። «አሺ» ብለው አስተካከሉን። «አሺ» አልን። ወዲያው ፊታቸው በራ፤ እጃችንን ለቀቁ፤ ራሳቸውንም ወደ ግድግዳው መልሰው ተኙ።

ከበሩ ስንወጣ ያገሩ ተወላጅ የሆነችውን እማሆይ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቅናት። «አሺ ማለት እመጣለሁ ማለት ነው» አለችን።

ክቡራን አንባቢዎች፤ በዚያን ጊዜ የተሰማንን ለመጻፍ ይቸግራል። ሃያ አምስት ዓመት ያህል የቈየውን ቅያሜ ይዘን ባሕር ተሻግረን፣ የሸሸነውን ቃል በማናውቀው ቋንቋ፣ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው፣ በገዛ አፋችን ተናገርነው። ተመልሰን እንንገራቸው ብለን ጠየቅን። እማሆይ ግን ሣቀችና እንዲህ ስትል አስረዳችን፦ በቤንጋል ሰው ዘንድ ከቤት ሲወጡ «ሄድሁ» ማለት ነውር ነው፤ የሞተ ሰው ነውና የሚሄደው። ስለዚህ ልጅ ወደ ገበያ ሲወጣም፣ እንግዳ ወደ ሩቅ አገር ሲመለስም «እመጣለሁ» ይላል። ሰሚውም ቃሉን በደስታ ይቀበላል እንጂ በሩ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም። ዳዱም የተቈጡት መሄዳችን ስለ ከፋቸው ብቻ ሳይሆን፣ በምልክታችን በራሳችን ላይ ክፉ ነገር የተናገርን ስለ መሰላቸው ነው አለችን።

በምድር ባቡሩ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይህን አመላለስን። እኛስ ብንሆን ስንለያይ የምንለው «ደኅና ሰንብት» አይደለምን? መሰነባበት የተባለው መለያየት ራሱ ከመሰንበት፣ ማለት ከመቈየት የወጣ ቃል ነው፤ ሂያጁም ቀሪውም አንዱ ሌላውን ቈይ ይለዋል፤ እንደ ቃሉ ሳይቈይ የቀረውንም ሰው ማንም አይከሰውም። ያች ወጣት መምህራችንም ምናልባት የአገሯን «አሺ» ነግራን ይሆናል፤ እኛ ግን እንደ ቀጠሮ መዘገብነው። ምናልባትም በውነት ልትመለስ አስባ ነበር። ይህን የሚያጣራ መዝገብ በእጃችን የለም። ያም ቢሆን፣ ሦስት ክረምት በበሩ የቆመው ልጅ በዚህ ትርጓሜ ፈጽሞ ተጽናና ብንል ሐሰት ይሆንብናል።

በዚያ ቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት የተከለከለ ስለ ሆነ የዳዱ መልክ በእጃችን የለም። በጥቅምት ወር ወደ ሥራችን ተመልሰን መዝገብ ገለጥን፤ ባለጉዳዮችም ስለ ህንድ አገር ይጠይቁን ጀመር፤ እኛም ስለ ምድር ባቡሩ እንነግራቸው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ከእኛ ጋራ ልብስ ያጥብ የነበረ አንድ የጃፓን ሰው እንደገና ወደ ካልካታ ሄዶ ኖሮ ደብዳቤ ጻፈልን። ዳዱ በሰኔ ማረፋቸውን፣ በአልጋቸውም ላይ ሌላ ሽማግሌ እንዳለ፣ እርሱም ጢሙን መላጨት እንደማይወድ ገለጠልን። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብነው። ከዚያም ባለቤታችንን ሙዳይዋን አምጪልን ብለን፣ ከቍልፎቹና ከመርፌዎቹ በታች አጥፈን አኖርነው።