የጁባ መጠጦች፤ በነጭ ዓባይ ዳር ቀምሰን የመረጥናቸው

የአንድን አገር ኑሮ ለማወቅ የሚሻ መንገደኛ አስቀድሞ ገበያውን፣ ቀጥሎም ሰው ከሥራው በኋላ የሚያርፍበትን ቤት ቢጎበኝ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። እኛም የቢራ ወዳጆች መሆናችንን ሳንደብቅ፣ ወደ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ወደ ጁባ በሄድን ጊዜ ይህንኑ ልማድ ተከተልን። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በዚያች ከተማ ከቀመስናቸው መጠጦች የትኞቹን እንደ ወደድንና ስለ ምን እንደ ወደድን ነው። ስንጀምር ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ መስሎን ነበር፤ እየቆየን ግን የሰላምና የእንጀራም ጉዳይ መሆኑን ተረዳን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጁባ ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ያህል በአውሮፕላን ተበርሮ የምትደረስ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ጀበል ኩጁር የሚባለው ተራራ ይታያል፤ በምሥራቅ በኩል ነጭ ዓባይ፣ በዚያ አገር አጠራር ባሕረ ጀበል፣ ደንገሉንና ቅጠሉን እያንሳፈፈ ይወርዳል። ሙቀቱ ለደጋ ሰው የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ ማንጎው ዛፍ ጥላ ይሳባል። እኛም በመጀመሪያው ቀን ማታ ወንበር ስበን ከተቀመጥን በኋላ፣ «የአገራችሁን ቢራ አምጡልን» ብለን አዘዝን። አሳላፊው ፈገግ አለና፣ «የየትኛውን አገር?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከፊታችን የቀረቡት ጠርሙሶች ሁሉ እንደ እኛው እንግዶች ነበሩ። አንዱ የኬንያው ታስከር ነው። ይህን ቢራ የሚጠምቀው ኩባንያ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ሲሆን፣ የእኛም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነውና ሁለቱ እኩዮች ናቸው። ከመሥራቾቹ ወንድማማቾች አንዱ ኩባንያው በተቋቋመ በዓመቱ ለአደን ወጥቶ ዝሆን ስለ ገደለው፣ ቢራው ጥርሰ ትልቁን ዝሆን በሚያመለክት ስም ተጠራ ይባላል። ሁለተኛው የዩጋንዳው ናይል ስፔሻል ነው። ይህኛው ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት በጂንጃ ከተማ የሚጠመቅ፣ የአልኮል መጠኑ ከመቶ 5.6 የሆነ ብርቱ ቢራ ነው። ታስከር ቀለል ያለና ለሙቀት የተስማማ ሲሆን፣ ናይል ስፔሻል ግን ወፈር ያለ፣ ከምግብ ጋር ቢሆን የሚሻል ነው። ከሁለቱ ናይል ስፔሻልን መረጥን፤ ምክንያቱም ጂንጃን አልፎ የሚወርደው ወንዝ ከእግራችን ሥር ሲፈስ እያየን መጠጣታችን ደስ ስላሰኘን ነው።

አጠገባችን የተቀመጡ ሸምገል ያሉ ሰው ጨዋታችንን በአማርኛ ሲሰሙ፣ «እንደምን አመሻችሁ?» አሉን። በስደት ዘመናቸው በጋምቤላ በኢታንግ መጠለያ ኖረው ኖሮ ቋንቋችንን ከነጠላችን ያውቁታል። «እርስዎ የአገርዎን ቢራ አይጠጡምን?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፣ «ነበረን እኮ፤ ስሙም ነጭ በሬ ይባል ነበር» ብለው ታሪኩን አጫወቱን።

ታሪኩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያው የሱዳን የርስ በርስ ጦርነት ቆሞ፣ ደቡቡ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ያህል ዕረፍት አግኝቶ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና ተነሣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓን ሕግ በአገሩ ሁሉ ላይ አወጁ። በካርቱም የነበረው ውስኪና ቢራ በሕዝብ ፊት ወደ ዓባይ ፈሰሰ። ሕጉ ከሁሉ ይልቅ የከበደው ግን በድኻዎቹ ላይ ነው። ጦርነቱን ሸሽተው ወደ ካርቱም ዳርቻ የተሰደዱ የደቡብ እናቶች ልጆቻቸውን ለማሳደግ ከሚያውቁት ሙያ አንዱ ጠመቃ ነበርና፣ በዚሁ ምክንያት እየተያዙ በኦምዱርማን የሴቶች ወህኒ ቤት የታሰሩት እጅግ ብዙ ነበሩ።

ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የሰላም ውል ሲፈረም ደቡቡ ክፍል ከዚህ ሕግ ነፃ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. በግንቦት ወር በጁባ አንድ የቢራ ፋብሪካ ተከፈተ። ባለቤቱ የታወቀው የሳብሚለር ኩባንያ ሲሆን፣ ለሥራው ያወጣው ገንዘብ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከሚጠምቃቸውም ቢራዎች አንዱን ዋይት ቡል፣ ማለት ነጭ በሬ ብሎ ሰየመው። ለዲንካና ለኑዌር ሰው ይህ ስም ተራ ስም አይደለም። ከብት ለእነርሱ ሀብትም ጥሎሽም ክብርም ነው። በ1991 ዓ.ም. የሁለቱ ሕዝቦች ሽማግሌዎች በዉንሊት መንደር ተሰብስበው ሲታረቁ፣ የዕርቁ መሥዋዕት ሆኖ የታረደው ነጭ በሬ ነበር። አገሪቱ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃነቷን ባወጀች ጊዜ ይህ ቢራ የአገር ልጅ ሆኖ በደስታው ላይ ተገኘ። ሽማግሌው ሲነግሩን፣ «ያን ቀን የጠጣሁት አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ጣዕሙ ግን እስከ ዛሬ በአፌ አለ» አሉ።

ይሁን እንጂ ቢራው የአገር ልጅ ቢባልም ብዙው ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነበር። ብቅሉ ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ከ1600 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ በጭነት መኪና ይጓዛል። ይህም ሁሉ በውጭ አገር ገንዘብ የሚከፈል ነው። ከገበሬው ካሳቫ ገዝቶ ለጠመቃው ለማዋል ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በ2004 ዓ.ም. የነዳጁ ዘይት ሥራ ቆመ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ በጁባ ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። የአገሩ ገንዘብ ዋጋው ወደቀ፤ ዶላርም ጠፋ። በመጨረሻም በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር ፋብሪካው በውጭ ምንዛሪ እጦት ምክንያት ጠመቃውን ለማቆም መገደዱን አስታወቀ። ሰላም ሲመጣ የመጣው ቢራ ሰላም ሲሄድ ተከትሎት ሄደ ማለት ነው።

በማግሥቱ ሽማግሌው፣ «ፋብሪካ የማያስፈልገውን ላሳያችሁ» ብለው ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወዲያ ወደሚገኝ አንድ የጭቃ ቤት ወሰዱን። «ማማ፣ የኢትዮጵያ እንግዶች አምጥቼልሻለሁ» ብለው ቢጣሩ፣ የቤቱ እመቤት የአራት ልጆች እናት ወጥታ በሁለት እጅዋ ጨበጠችን። በዚያ ማሪሳ የሚባለውን የማሽላ ጠላ ስትሠራ ለማየት ቻልን። ማሽላው ተነክሮ ይበቅላል፤ በፀሐይ ደርቆም ይፈጫል። ከሌላው ዱቄት ሊጥ ተቦክቶ ሲኮመጥጥ፣ በብረት ምጣድ ላይ እየታመሰ እስኪጠቁር ይቆላል። ከዚያም ከብቅሉና ከውሃው ጋር ተደፍድፎ እስኪፈላ ይጠበቃል። ይህን ስናይ የአሻሮው ሽታ የእናቶቻችንን ጓዳ አስታወሰን። ልዩነቱ ጌሾ የሌለበት መሆኑ ነው፤ በዚህም ከጠላችን ይልቅ ለደቡብ አገራችን ቦርዴ ይቀርባል። በቅል ተቀድቶ ሲሰጠን ወፍራም፣ ኮምጠጥ ያለና ጭስ ጭስ የሚል ሆኖ አገኘነው። የመጀመሪያው ጉንጭ እንግዳ ነበር፤ ሦስተኛው ግን የቤት ልጅ አደረገን።

በአውሮፓና በአሜሪካ በትንንሽ ቤት በእጅ የሚጠመቅ ቢራ እንደ አዲስ ግኝት ሲመሰገን፣ በብዙ ዋጋም ሲሸጥ እንሰማለን። የጁባ እናቶችም ሆኑ የእኛዎቹ ጠላ ጠማቂዎች ይህን ሙያ ከእናት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ የኖሩ ናቸው። አንዲቱ የጠመቀችው ከሌላይቱ አይመሳሰልም፤ ጠጪውም የማንን ቤት እንደሚመርጥ ያውቃል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ከልባችን አልወጣም ነበር። በብዙ አውራጃ ሰው በሚራብበት አገር እህልን ለመጠጥ ማዋል ተገቢ ነውን? ይህን በሽማግሌው አስተርጓሚነት ብንጠይቃት ሴቲቱ አልተቆጣችም። «ዱቄቱን ብናበስለው የአንድ ቀን እራት ነው። ጠምቄ ብሸጠው ግን የነገውን ዱቄት እገዛበታለሁ፤ የሚተርፈውም ለትምህርት ቤት ይከፈላል፤ አተላውን ፍየሎቹ ይበሉታል» አለች። ለዚህ መልስ አጣን። ወዲያውም ወደ ጎረቤት ቤት እያመለከተች፣ «እዚያ ያለውን አረጊ ግን አትጠጡ፤ ባሌን የወሰደብኝ እርሱ ነው» ስትል ጨመረች። እኛም ምክሯን ጠበቅን።

በመጨረሻው ማታ ኢትዮጵያውያን ከሚያስተዳድሯቸው ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ሄድን። እንዲህ ያሉ ቤቶች በጁባ ብዙ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ከፖም የሚጠመቀውን ሳይደር የሚወድ ሰው በዚህ ሙቀት ፖም ሊያገኝ አይችልም፤ እኛ ግን ጣፋጭና ኮምጣጣ የሆነውን ጠጃችንን አገኘን። እመቤቲቱ፣ «ኑ ግቡ፤ ቤት ለእንቦሳ በሉ» ብላ ተቀበለችን። ብርሌዎቿ በመንገድ ላይ ስለ ተሰበሩ ጠጁን የምታቀርበው በአሮጌ የቢራ ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሱን ብናገላብጠው በተፋቀው ወረቀት ላይ የነጭ በሬ ሥዕል አየን። ሽማግሌው ተቀብለው ጥቂት ሲያዩት ቆዩና፣ «ባዶውን ጥላችሁ አትሂዱ፤ አንድ ቀን ይሞላል» አሉ።

እንግዲህ ምርጫችን ይህ ነው፦ ከጠርሙስ ቢራ ናይል ስፔሻል፤ ከማር መጠጥ የእኅታችን ጠጅ፤ ከሁሉም በላይ ግን የአራት ልጆች እናት የጠመቀችው ማሪሳ። ማሪሳን ያስቀደምነው ጣዕሙ ከሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም፤ ዶላር ሲጠፋ ያልጠፋ፣ ሕግ ሲከለክለውም ያልሞተ፣ ቤተ ሰብም የሚያሳድር ስለ ሆነ ነው። ነጭ በሬን ግን ሳንቀምሰው በደረጃ ልናስቀምጠው አንችልም፤ ቦታውን ክፍት ትተንለታል። አንባቢዎቻችንም መጠጥን በልክ ሲይዙት ወዳጅ፣ ልክ ሲያልፍ ጠላት መሆኑን ከዚያች እናት ቃል እንዲረዱ እየለመንን፣ የጁባ ሰዎች በማንጎው ጥላ ሥር የራሳቸውን ቢራ በሰላም የሚጠጡበትን ቀን እንዲያዩ ከልብ እንመኛለን።