መርከቦቹ ከቬኒስ ሲነሡ

መንገደኛ አሳፍራ ባሕር ለባሕር የምታንሸራሽር ትልቅ መርከብ ሁለት ዓይነት ወደብ ታውቃለች። አንደኛው ለጥቂት ሰዓታት ቆማ፣ ተሳፋሪዎቿን አዙራ አሳይታ የምትሄድበት ነው። ሁለተኛው ጉዞዋን የምትጀምርበትና የምትፈጽምበት፣ የቆየውን ተሳፋሪ አራግፋ አዲሱን የምትቀበልበት፣ ሥጋና አትክልቱን፣ ውሃና ነዳጁን፣ የታጠበውን አንሶላ ሳይቀር የምትጭንበት መነሻ ወደብ ነው። የመጀመሪያው ወደብ ከእርሷ የሚያገኘው የመታሰቢያ ዕቃና የቡና ሽያጭ ነው። በመነሻ ወደብ ግን ጫኝና አውራጁ፣ ገመድ አሳሪው፣ ጎታች ጀልባ ነጂው፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ ምግብ አቅራቢው ሁሉ እንጀራውን ከእርሷ ይቆርሳል። አንድ ኩባንያ መነሻ ወደቡን ሲለውጥ የብዙ ቤተሰብ ምድጃ ይነካል።

የጣሊያኗ ቬኒስ ለብዙ ዓመታት የዚህ ዓይነት መነሻ ወደብ ሆና ኖራለች። በ2019 ብቻ ወደ 1.6 ሚሊዮን የሚጠጋ የመርከብ ተሳፋሪ በወደቧ በኩል አልፏል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። መርከቦቹ ወደ ወደቡ የሚደርሱት በከተማይቱ ዳር ተሸሽገው አልነበረም። በሊዶ በኩል ገብተው፣ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት ለፊት አልፈው፣ የጁዴካን ቦይ ሰንጥቀው ነበር። በጭቃ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመችው ከተማ፣ በኅዳር 1966 ባሕር 194 ሳንቲሜትር ተነሥቶ ያጥለቀለቃት ከተማ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ በደጃፏ ተራራ ሲያልፍ ትመለከት ነበር። ከዶጆች ቤተ መንግሥት ጣራ እጅግ ከፍ ባለው ሰገነት ላይ የቆመው መንገደኛ ከተማይቱን ቁልቁል ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ከታች ያለው ነዋሪ ደግሞ ሰማዩ ለጥቂት ደቂቃ ተሸፍኖበት ይቆያል።

መርከብ ለቬኒስ ባዕድ ነገር አይደለም። ከተማይቱን የፈጠራት መርከብ ነው። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮች ይዘው የደረሱት እዚሁ ነበር። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ማውሮ የተባለው መነኩሴ በዚያው ሐይቅ ላይ ባለች ደሴት ተቀምጦ የዓለምን ካርታ ሲሥል፣ ስለ ኢትዮጵያ ወንዞችና አገሮች የጻፈውን ያገኘው ከአገሩ ተወላጆች እንደሆነ በካርታው ላይ አስፍሯል። ከዚያም ጥቂት ቆይቶ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ እኛ መጥቶ፣ እዚሁ ኖሮ፣ ለአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ሥሏል። በዚያ ዘመን ወደቡ ሰውንና ዕውቀትን ያመላልስ ነበር። ዛሬ በአንድ መርከብ የሚመጡት ሦስት ሺህ ሰዎች ከከተማይቱ የሚወስዱት ምስሏን ነው፤ የሚተዉላትም ቢኖር ጥቂት ነው።

ተቃውሞው ሥር የሰደደው ከ2012 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞቱ። መንግሥት በመጋቢት ከ40,000 ቶን የሚበልጡ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ ፊት እንዳያልፉ ደነገገ። ይሁን እንጂ ሌላ መንገድ እስኪገኝ ድረስ የሚል ሐረግ በድንጋጌው ውስጥ ስለ ነበር፣ መርከቦቹ እንደ ልማዳቸው ማለፋቸውን ቀጠሉ። ሕግ አውጥቶ በዚያው ሕግ ላይ በር ክፍት መተው የቆየ የቢሮክራሲ ጥበብ ነው። ቆይቶም ለ2014 የተደነገገውን የ96,000 ቶን ገደብ ፍርድ ቤት አገደው፤ ኩባንያዎቹ ግን በራሳቸው ፈቃድ እናከብረዋለን አሉ። የከተማይቱ ዕጣ በነጋዴ ይሁንታ ላይ አደረ።

ሕዝቡ ግን አልተኛም። «ግዙፍ መርከቦች አንፈልግም» የሚል ኮሚቴ ተቋቋመ። ወጣቶችና ሽማግሌዎች በትንንሽ ጀልባዎች ተሳፍረው ቦዩን ዘጉ፤ በመስከረም 2013 ከነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ውሃው ዘለው ገብተው የመርከቦችን መነሣት አዘገዩ። በ2017 ነዋሪዎቹ ራሳቸው ባዘጋጁት ድምፅ አሰጣጥ ወደ 18,000 የሚጠጋ ሰው ተካፈለ፤ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መርከቦቹ ከሐይቁ ይውጡ አለ። በሕግ ፊት ክብደት ያልነበረው ይህ ድምፅ በመንገድ ላይ ግን ክብደት ነበረው።

ከዚህ ትግል ውስጥ ለኪነ ጥበብ ሰው ልዩ ትምህርት ያለው አንድ ታሪክ አለ። በ1930 የተወለደውና ዕድሜውን ሙሉ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሠራው ጃኒ ቤሬንጎ ጋርዲን፣ ሰማንያውን አልፎ ካሜራውን ወደ መርከቦቹ አዞረ። በሥዕሎቹ ላይ መርከቧ በጠባብ መንገድ ጫፍ ብቅ ትላለች፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ጣራ በላይ እንደ ሌላ ከተማ ተነሥታ ትታያለች። መፈክር የለበትም። ሰዎቹ ብዙውን ጊዜ ወደ መርከቧ እንኳ አይመለከቱም፤ ለምደውታል፤ ሥዕሉን የሚያስፈራውም ይኸው መልመዳቸው ነው። በ2015 እነዚህ ፎቶግራፎች በዶጆች ቤተ መንግሥት እንዲታዩ ታስቦ ሳለ የከተማው ከንቲባ ትርኢቱን አገዱ። ትርኢቱ በዚያው ዓመት በጥቅምት በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ላይ በሚገኘው የቀድሞ የኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና መደብር ተከፈተ። ዕገዳው ዝናውን አበዛው እንጂ አልቀነሰውም። ከብዙ ንግግር ይልቅ አንድ ጸጥ ያለ ሥዕል ባለሥልጣንን የሚያስቆጣበት ምክንያት ሥዕሉን ማስተባበል ስለማይቻል ይሆናል።

ሰኔ 2 ቀን 2019 ጠዋት ፎቶግራፉ ሲያስጠነቅቅ የቆየው ነገር ደረሰ። ከ65,000 ቶን የምትበልጠው ኤም ኤስ ሲ ኦፔራ መቆም ተስኗት፣ መለከቷን እየነፋች፣ ከወደቡ ግንብና ከአንዲት የጎብኚዎች ጀልባ ጋር ተጋጨች። ጥቂት ሰዎች ቆሰሉ፤ የሞተ አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር፤ አንድ ወገን ቅርስ ጠባቂ፣ ሌላው ወገን ትርፍ አሳዳጅ ሆነው በቀሩ። ነገር ግን የ2021ን ሰኔ 5 ማስታወስ ያስፈልጋል። በወረርሽኙ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ጸጥ ብሎ በቆየው ቦይ ኤም ኤስ ሲ ኦርኬስትራ የምትባለው መርከብ ስትነሣ፣ በዛተሬ ዳርቻና በጀልባዎች ላይ ተቃዋሚዎች ሰንደቃቸውን አውለበለቡ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ውሃ ላይ፣ የወደቡ ሠራተኞች ደግሞ መርከቧን በደስታ ሸኙ። እነርሱም የቬኒስ ልጆች ናቸው። እነርሱም የከተማው ኑሮ ተወዶባቸዋል። ለወር ደመወዙ የሚጨነቀውን ገመድ አሳሪ የውበት ጠላት አድርጎ መሣል ዐይን ያወጣ ግፍ ነው። የሠራተኛውን ጭንቀት ከፊት አሰልፎ ከኋላው ተሸሽጎ የሚያተርፈው ኩባንያም በዚያ ቀን በዳርቻው አልቆመም፤ ጠበኞቹ ወንድማማቾች ብቻ ነበሩ።

በሐምሌ 2021 መንግሥት ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሰጠ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ወይም ከ180 ሜትር የሚረዝም፣ ወይም ከ35 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው መርከብ በቅዱስ ማርቆስ ፊትና በጁዴካ ቦይ ማለፍ ተከለከለ። ሥራ ለሚያጡትም ካሣ ታሰበ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ቬኒስን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሊያስገባት ተቃርቦ ነበርና ውሳኔው ከዚያ ጋር መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ አልነበረም። ለክብር የሚደረግ ነገር ለሕሊና ከሚደረገው ቀድሞ ይፈጸማል።

ታዲያ መርከቦቹ የት ሄዱ? ከፊሎቹ መነሻቸውን ወደ ትሪየስተ፣ ወደ ሞንፋልኮኔና ወደ ራቬና አዛወሩ። መንገደኛው የቬኒስን ስም አንብቦ ቲኬት ይቆርጥና ራሱን በአውቶቡስ ላይ ያገኘዋል። ከፊሎቹ ደግሞ ከከተማይቱ ማዶ፣ በየብስ ወገን ወዳለችው ወደ ማርጌራ ሄዱ። ማርጌራ ማን ናት? ከ1917 ጀምሮ የቬኒስ ጭስና ዝቃጭ የተከማቸባት የወዛደር መንደር ናት። በፔትሮ ኬሚካል ፋብሪካዎቿ በቪኒል ክሎራይድ ጋዝ ታመው የሞቱ ሠራተኞች ጉዳይ በ1998 ፍርድ ቤት ቀርቦ ለዓመታት ተከራክረውበታል። ወደ እርስዋ የሚወስደው ጥልቅ ቦይ በ1960ዎቹ ለነዳጅ መርከቦች የተቆፈረ ሲሆን፣ የሐይቁን ደለል ወደ ባሕር እያጠበ የሚወስድ መሆኑን ሊቃውንት ሲያመለክቱ ኖረዋል። ፎቶግራፍ የሚያነሣው አደባባይ ዳነ፤ ሐይቁ ግን አንድ ነው። ከተቃዋሚዎቹ መካከል ይህን አጥብቀው የተናገሩ አሉ፤ የተሰሙት ግን የአደባባዩን ያህል አይደለም።

ከተማይቱስ ራሷ? በ1951 የጥንታዊቱ ቬኒስ ነዋሪ 175,000 ያህል ነበር። በሪያልቶ አቅራቢያ በአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ከ2008 ጀምሮ የነዋሪው ቁጥር በኤሌክትሪክ ሰሌዳ ይታያል፤ በ2022 ክረምት ከ50,000 በታች ወረደ። በ2023 ለጎብኚ የተዘጋጀው አልጋ ከነዋሪው ቁጥር መብለጡ ተቆጠረ። በሚያዝያ 2024 ደግሞ በተወሰኑ ቀናት ውሎ ለሚመለስ ጎብኚ የ5 ዩሮ መግቢያ ተጀመረ፤ እንደ ቤተ መዘክር። መርከቦቹ ከፊቷ ቢነሡም ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ ያንን ገመድ የሚያስረው ሠራተኛ ቤት ተከራይቶ ሊኖርባት አልቻለም።

በዚያችው በማርጌራ ትልቅ የመርከብ መሥሪያ አለ። እዚያ የሚሠሩት የመንገደኛ መርከቦች አንዳንዶቹ ከ100,000 ቶን ይበልጣሉ፤ የብረቱን ሥራ የሚሠሩት ብየዳ ሠራተኞችም ብዙዎቹ ከባንግላዴሽ የመጡ ናቸው። መርከቧ ተሠርታ፣ ቀለም ተቀብታ ስታልቅ፣ በነዳጅ መርከቦቹ ቦይ አድርጋ፣ በማላሞኮ በኩል ወደ ባሕር ትወጣለች።