ከእንጦጦ ሥር ሆኖ ድል መስማት

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያደገ ሰው ከተማውን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። ቤታችን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው ዳገት ገና ሲጀምር ነው። ከታች የተነሳ ድምፅ ሁሉ እየተጠራቀመ ወደ እኛ ይወጣል። ቅዳሴው፣ አዛኑ፣ የሠርግ መኪና ጡሩምባው፣ በ97 ደግሞ ተኩሱ። እናቴ «ዛሬ ከተማው ምን ሆኗል?» ብላ በር ላይ ከቆመች፣ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ከሰዓትም እንደዚያ ነበር። ዋልያዎቹ ሱዳንን በአዲስ አበባ ስታዲየም የሚገጥሙበት ቀን። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር የተመለስነው። ስለዚህ 2 ለ 0 ካሸነፍን በቂ ነው፣ ከሜዳ ውጪ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች ያሳልፉናል። 31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀናል። ሰፈራችን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ሁሉ (እኔንም ጨምሮ) ብሔራዊ ቡድናችን እዚያ ሲጫወት አይቶ አያውቅም። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ስታዲየም በር ላይ ተሰልፏል። እኛ ትኬት አላገኘንም፤ አሥራ ምናምን ሆነን የእኛ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረናል።

የመጀመሪያው አጋማሽ 0 ለ 0 አለቀ። ሁለተኛው እንደተጀመረ መብራት ጠፋ።

የተሰደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። አንዱ በስልኩ ሬዲዮ ሊከፍት ሲታገል፣ ሌላው ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ ሲሮጥ፣ እኛ ግቢው በር ላይ ወጥተን ቆምን። ያኔ ነው ከታች የመጣው። ጩኸት ልበለው? ጩኸት ሰው የሚጮኸው ነው፤ ይሄ ግን መሬቱ ራሱ ያሰማው ይመስል ነበር። አዳነ ግርማ አግብቷል። እኛ ግን ማን እንዳገባ አናውቅም፤ «ገባ!» ብቻ ነው ያወቅነው። ገና ተቃቅፈን ሳንላቀቅ ሁለተኛው ጩኸት መጣ። ያ ደግሞ ሳላዲን ሰዒድ ነበር። የሕይወቴን ትልቁን ጎል ያየሁት በጆሮዬ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጨዋታው ሳያልቅ መውረድ ጀመርን። በምኒልክ ሆስፒታል፣ በአራት ኪሎ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ስታዲየም። የዚያን ቀን ከተማው ያደረገውን ያላየ ወጣት ካለ እስቲ ልንገረው። የታክሲ ረዳቶች ሒሳብ መቀበል አቁመው በር ላይ ተንጠልጥለው ይጨፍራሉ። ሾፌሩ የዝናብ መጥረጊያውን አቁሞ በደረቅ መስታወት ላይ ያወዛውዘዋል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ከየግቢው የተቀነጠበ ቅጠል መኪና አፍንጫ ላይ ተሰክቷል። ጋቢ የለበሱ አባት ከዘራቸውን እንደ ጦር ሰብቀው ይፎክራሉ፣ ከፊታቸው ያለው ጎረምሳ ደግሞ የብራዚል ማሊያ ነው የለበሰው፣ ያለው እሱ ብቻ ይሆናል። እናቶች ከበረንዳ እልልታውን ያቀልጡታል። ባንዲራ ሻጩ ጠዋት የጠራውን ዋጋ ሦስት ጊዜ አባዝቶ ይሸጣል፤ ሰው ሳይከራከር ይገዛል።

አምባሳደር ጋ አንድ ሰውዬ አቀፈኝ። ሱፍ የለበሰ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው ይመስለኛል፤ ያለቅሳል። «አየህ አይደል? አየህ አይደል?» ይለኛል። አላየሁም፣ መብራት ጠፍቶብኝ ነበር፤ ግን «አየሁ» አልኩት። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። የየት አገር ሰው ነህ፣ ምን ቋንቋ ትናገራለህ፣ ማንን መርጠሃል የሚል ጥያቄ በዚያ ቀን ቦታ አልነበረውም። ስልኬም የተሰረቀው እዚያው አካባቢ ነው። እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እሱ እንዳልሆነ ለማመን ወስኛለሁ።

ያ ጭፈራ ለምን እንደዚያ እንደፈነዳ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ከሁለት ወር በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፓትርያርኩም ጠቅላይ ሚኒስትሩም አርፈው ነበር። ከተማው ለሳምንታት በሐዘን ጎዳና ላይ ሰንብቷል። ያው ጎዳና ነው ጥቅምት ላይ ያበደው። ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበቤ መንገድ ላይ በብዛት የሚወጣባቸው ቀናት የተቆጠሩ ናቸው፤ መስቀልና ጥምቀት፣ ኢድ፣ ኢሬቻ፣ ታላቁ ሩጫ። የቀረው ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል። ሰልፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጎል አይጠይቅም። ማንም ሳይጠራህ፣ መድረክ ሳይተከል፣ ንግግር ሳይደረግ መንገዱ የአንተ የሚሆንበት ቀን ከኳስ ሌላ ምን አለን? መድረክ የሚተከልለት ደስታ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ አጨብጭበህ ትመለሳለህ፣ ማንም ሰው አያቅፍህም።

(የቀን መቁጠሪያ ለሚወዱ አንድ ነገር። ቡድናችን በደቡብ አፍሪካው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታውን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጣው ጥር 13 ቀን 2005 ነው። እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው ብቸኛውን ዋንጫችንን ያነሱት ደግሞ ጥር 13 ቀን 1954፣ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ። ከዛምቢያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። የተመለሱትንም ሰው በደስታ ተቀበላቸው።)

የአትሌቲክስ ደስታ ከዚህ ይለያል፤ ይህን ከእኛ ሰፈር ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ንጋት 11 ሰዓት ላይ በራችን ፊት የእግር ኮቴ ይሰማል። ወደ እንጦጦ የሚወጡ ሯጮች ናቸው። በልጅነቴ እነሱ ሽቅብ ሲወጡ፣ ሌሊት ተነስተው የባሕር ዛፍ ጭራሮ የለቀሙ እናቶች ደግሞ ጀርባቸው ጎብጦ ቁልቁል ይወርዳሉ። ዳገቱ ላይ ይተላለፋሉ። አንዳንዷ ሯጭ ቆም ብላ መንገድ ትለቅላቸዋለች። ከሰፈራችን እናቶች አንዷ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሜዳሊያ ያጠለቀች ልጅ በታየች ቁጥር «ይቺ እኮ መንገድ የለቀቀችልኝ ናት» ይሉ ነበር። ሁሌም ያቺው ልጅ ናት፣ ስሟ ብቻ ይለያያል። አሁን ላዩ ላይ እንጦጦ ፓርክ ተሠርቷል፤ ቅዳሜና እሑድ መኪናው መንገዱን ይዘጋዋል። የንጋቱ ኮቴ ግን እንዳለ ነው።

የሯጭ ድል በእኛ ሰዓት አይመጣም። ሌሊት ይመጣል፣ ንጋት ይመጣል። ስለዚህ ጭፈራው ብዙ ጊዜ የሚቆየው እስኪመለሱ ነው። ሲድኒ በ1993 መግቢያ ላይ ኃይሌን፣ ደራርቱን፣ ገዛኸኝ አበራንና ሚሊዮን ወልዴን በአራት ወርቅ ስትልክልን፣ አባቴ አንገቱ ላይ አስቀምጦ ወስዶኝ ነበር። ያየሁት የሰው ራስና የመኪና ጣሪያ ነው፤ ኃይሌን አየሁ ብዬ ግን ትምህርት ቤት አውርቻለሁ። እነሱ እስኪመለሱ ድረስ ያለው ደስታ የቤት ደስታ ነው። በየሳሎኑ፣ በየግቢው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ። እዚያ ደግሞ መደበቅ የለም። መንገድ ላይ የምታቅፈውን ሰው አታውቀውም፤ ግቢ ውስጥ ግን ሁሉም ሁሉን ያውቃል።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ሐምሌ 2014 ለመጻፍ ነው። ሦስት ዓመት አቆይቼዋለሁ።

ግቢያችን ውስጥ አምስት ቤተሰብ ይኖራል። አንዷ ጎረቤታችን ከአድዋ አካባቢ የመጣች፣ አርባዎቹን የጀመረች፣ እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች የምታስረክብ ሴት ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ። ትግራይ ስልክ ከተቋረጠ ዓመት አልፎት ነበር፤ የእናቷን ድምፅ አልሰማችም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወራት ከግቢ መውጣት ትታ እንጀራዋን የምታደርስላት እናቴ ነበረች። በዚያው ሰሞን ደግሞ የእናቴ የአክስቷ ልጅ ከቆቦ ተፈናቅሎ እኛ ቤት ነበር። ወንድሙን በጦርነቱ አጥቷል። ሁለቱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከሰላምታ አያልፉም።

ከኦሪገኑ የዓለም ሻምፒዮና አምስት ሳምንት በፊት፣ ሰኔ 2፣ ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። ጨዋታው «የሜዳችን» ነው የተባለው፣ የተካሄደው ግን ማላዊ ነው፤ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ ብቁ የሆነ ስታዲየም ስላልነበረን። ያን ቀን ሁላችንም ጮኸናል። ግብፅ ናታ! በግብፅ ላይ መደሰት ምንም አያስከፍልም።

ሐምሌ 9 ቅዳሜ ማታ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የሴቶቹ 10 ሺህ ሜትር። ለተሰንበት ግደይ። የመጨረሻውን ዙር ያየ ያስታውሰዋል፤ ኬንያውያኑ ሔለን ኦቢሪና ማርጋሬት ቼሊሞ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ ለተሰንበት በአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ቀደመች። ጎረቤታችን ብድግ ብላ እልል አለች። ረጅም፣ ከሆድ የወጣ እልልታ። ከዚያ መሐል ላይ ቆረጠችው። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገችና አየችን።

ማንም እልልታውን አልተቀበላትም።

እልልታ እኮ ብቻውን አይጮኽም፤ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች። እናቴ እጇ ጭኗ ላይ ቀርቷል። የአክስቷ ልጅ ተነስቶ ወጣ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። እኔስ? አምባሳደር ጋ ስሙን የማላውቀውን ሰው አቅፌ ያለቀስኩት ሰውዬ፣ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግቢ የኖረችን ሴት «እንኳን ደስ አለሽ» ማለት አቃተኝ። ደስ አለሽ ብላት «ለእናንተ» ማለት ይመስልብኛል። ደስ አለን ብላት ደግሞ ውሸት ይመስልብኛል፤ የእናቷ ስልክ በተዘጋበት አገር ላይ ሆኜ የልጅቷን ወርቅ «የእኛ» ብዬ መውሰድ። ሪሞቱን አንስቼ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩ። ያደረግኩት ይኼን ብቻ ነው።

«ስፖርት አንድ ያደርገናል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እኔ ራሴ በዜና ውስጥ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ማታ ወዲህ አልጻፍኩትም። ያ ሣምንት ለአገሪቱ ትልቅ ነበር፤ አራት ወርቅ፣ አራት ብር፣ ሁለት ነሐስ፣ ከአሜሪካ ቀጥሎ ሁለተኛ። ከአራቱ ወርቅ ሦስቱን ያመጡት የትግራይ ልጆች ናቸው፤ ለተሰንበት፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴና ጉዳፍ ፀጋይ። ማኅበራዊ ሚዲያው ሁለት ተከፍሎ ተጨቃጨቀ፤ «የማን ናቸው?» እያለ። ባንዲራውን ያነሱትን ሰዎች አልወቅስም፣ ያለቀሱትንም። የሚያናድደኝ ሯጮቹን ለጭቅጭቃችን ምስክር አድርገን መጥራታችን ነው። ሩጠው ጨርሰዋል፤ ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርጉልን ነው?

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ የወንዶች ማራቶን ነበር። ጎረቤታችን የምትመጣ አልመሰለኝም። መጣች፤ የቡናውን ረከቦት ይዛ። ታምራት ቶላ ብቻውን ወጥቶ መስመሩን ሲቆርጥ መጀመሪያ እልል ያለችው እሷ ናት። በዚህ ጊዜ እናቴ ተቀበለቻት። ትናንት የቀረውንም አብራ የምትከፍል ይመስል ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሰኞ ጎተይቶም ስትሮጥ የቆቦው ዘመዳችን ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ምንም አላለም። ቡናውን ግን ጠጣ፤ ሦስተኛውን ሲቀዱለት «በቃኝ» አላለም። ታረቁ ብዬ አልዋሽም። እስኪሄድ ድረስ ሰላምታቸው ከነበረበት ብዙ አልጨመረም።

በ2015 ጥቅምት ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ፤ ስልኩም በየከተማው ቀስ በቀስ መከፈት ጀመረ። ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ከሰዓት ጎረቤታችን ምጣዷ ላይ እንዳለች ስልኳ ጠራ። እናቷ አድዋ ከተማ ወንድማቸው ቤት ወርደው ነበር። መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ለቅሶ ብቻ ነበር፤ ማን እንደሞተ ማን እንደተረፈ በትግርኛ ይቆጠራል፣ እኛ ስም ብቻ እየለየን እንሰማለን። እንጀራው አረረ። እናቴ ገብታ ምጣዱን አወጣችው።

ከዚያ ጎረቤታችን ለተሰንበት ስላመጣችው ወርቅ ነገረቻቸው። እናቷ አልሰሙም ነበር። ሜዳሊያው ከተጠለቀ ስድስት ወር አልፎታል፤ ኃላፊዎች ንግግር አድርገውበታል፣ ሽልማት ተሰጥቶበታል፣ እኛ ተጨቃጭቀንበታል፤ እሳቸው አልሰሙም። ጎረቤታችን ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ እጇን ወደ ላይ ዘረጋችው፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ በኔትወርክ የሚቆራረጥ እልልታ መጣ።

እናቴ ከምጣዱ ዞር ብላ ልትቀበላቸው አፏን ስትከፍት መስመሩ ተቋረጠ። የእናትየው ካርድ አልቆ ነበር፤ የጎረቤታችንም ስልክ ሒሳብ አልነበረውም። እናቴ መቀነቷን ፈትታ ሃምሳ ብር አወጣችና፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ ሱቅ ላከችኝ።