ለሁለት ሰዓት መንገድ የሚሆን ጫማ

በሰፊው ባሕር በመርከብ የሚዞሩ ባለጸጎች፣ መርከቡ በአንድ ወደብ ለጥቂት ሰዓት መልሕቅ ሲጥል ወርደው በአቅራቢያው ኰረብታ ለመንሸራሸር የትኛውን ጫማ ቢጫሙ እንደሚሻል ገና ከቤታቸው ሳይወጡ ይመካከራሉ። ባሕር የሌለን የእኛ መርከብ ግን ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገባው አውቶቡስ ነውና፣ ቢቸና ወርዶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ አቅጣጫ ጥቂት ሊራመድ፣ ወይም ሞጣ አድሮ በማለዳ ከከተማው ዳር ብቅ ሊል የሚያስብ መንገደኛ ይህንኑ ጥያቄ ቢጠይቅ እንደ ቅንጦት አይቈጠርበትም።

እንደ እኔ አስተያየት ነገሩን የሚወስነው የጫማው ዋጋና ስም ሳይሆን ምድሩና ወራቱ ነው። ለጤፍ እጅግ የሚስማማው የቢቸና ጥቁር ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ባበጠና በላቈጠ ጊዜ፣ ነጋዴው «ጥርሱን እይልኝ» እያለ የሚያሞግሰው ቡትስ ጭቃውን በየጥርሱ መካከል እየቋጠረ፣ እግርንም በየእርምጃው እያከበደ፣ ባለቤቱን ከመሬት ጋር ያታግለዋል እንጂ አይረዳውም፤ ስለዚህም የአገሩ ሰው ጫማውን አውልቆ በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ሲያልፍ የሚያይ ከተሜ፣ ለድህነቱ ከማዘኑ አስቀድሞ ጥበቡን ቢመረምር ይበጀዋል። እግሩ ላልጠነከረ እንግዳ ግን እስከ ባቱ የሚደርስና በአንድ ጣሳ ውኃ የሚታጠብ የላስቲክ ቦቲ ይሻለዋል። በበጋ ያው ዋልካ ደርቆ ይሰነጣጠቃልና፣ ስንጥቁም ቍርጭምጭሚት የሚያጣምም ነውና፣ ያን ጊዜ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ማሰሪያው የሚጠብቅ ሸራ ጫማ ይበቃል።

ከሞጣ ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ግን ሌላ ሥርዐት አለው። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት፣ በፋሽስት ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ ሰባራ ድልድይ የተባለው፣ ጎጃሜውና በጌምድሬው ብዙ ዘመን በገመድ እየተሳበ ሲሻገረው የኖረው፣ በ1994 ዓ.ም. ተጠግኖ በ1997 ጎርፍ ጥገናውን የወሰደበት ድልድይ ያለው በዚያ ሸለቆ ነው፤ ይህ የአውቶቡስ ቆይታ የሚበቃው ጉዞ ስላይደለ አፋፉን አይቶ መመለስ ይሻላል። ጥቂት ለመውረድ የደፈረ ሰው ግን ዳገቱ ሳንባን፣ ቍልቍለቱ ደግሞ ጣትን እንደሚፈትን ይወቅ፤ ፊቱ የጠበበ ጫማ የአውራ ጣትን ጥፍር ያጠቍራልና። ከመኪና ጎማ የሚቈረጠው በረባሶ ጣትን ነጻ ስለሚለቅ፣ ለለመደው ሰው ብዙ ባለ ስም ጫማ ያስንቃል።

መንገዱ ወደ ደብር የሚያደርስ ከሆነ ደግሞ፣ ሙሴ በቅዱሱ ምድር ጫማውን እንዲያወልቅ እንደ ታዘዘ ሁሉ ተሳላሚውም ከቤተ መቅደሱ ሲገባ ያወልቃልና፣ ዐሥራ ሁለት ቀዳዳ ያለው ማሰሪያ በደጁ ላይ ፈተና ይሆናል። (የተቀደደ ካልሲም እንዲሁ፤ ቅዳሴውን ትቶ ጣት የሚመለከት አይጠፋም።)

ባዶ እግርን ጥበብ ብዬ ሳመሰግን ግን የሚከብድ ነገር አለ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ ዘመኑን ሙሉ ያለ ጫማ የሚሄድ ደገኛ፣ ደቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ዘልቀው የሰውነቱን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ሥሮች ስለሚያስቈጡበት እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ይህን ደዌ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ በአገራችን በስፋት መርምሮታል፤ ምሥራቅ ጎጃምም ደዌው ካለባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ተላላፊ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ በሚደረግ ጫማና እግርን አዘውትሮ በሳሙና በመታጠብ ይከለከላል። ለሁለት ሰዓት የሚወርድ መንገደኛ አያሰጋውም፤ በዚያው ጎዳና በየቀኑ ትምህርት ቤት ለሚመላለሰው ሕፃን ግን ርካሹ ኮንጎ ጫማ ከእኛ ቡትስ ይልቅ ትልቅ ጕዳይ ነው።

ጫማ ለጉዞ ብሎ አዲስ የሚገዛም አለ፤ ይህን አልመክርም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት አዲስ ጫማ ስላልተመቸው ነበር፤ በቶኪዮ ደግሞ ተጫምቶ አሸነፈ። በኅዳር ቢቸና የምትወርዱ እንግዲህ አሮጌውን ሸራችሁን አድርጉ፤ በነሐሴ የምትወርዱ ቦቲ ያዙ፣ ሁለተኛ ካልሲም በፌስታል ቋጥራችሁ ከቦርሳችሁ ጨምሩ፤ አውቶቡሱ መቼ እንደሚነሣ ግን ከረዳቱ ሳትጠይቁ አትራቁ።